በተማሪ ስም አይነገድ

እንግዳ መቀበል የአገራችን ክብር ነው ሲባል እየሰማን አድገናል። በዚሁ ክብር የሚነግዱ መኖራቸውን ለመናገር ግን እናፍራለን። የሚያሳፍረው መናገሩ ሳይሆን ዝምታው ነው።

ከጎንደርና ከላሊበላ ጀምሮ በቱሪስቶች ዘንድ የታወቀ አንድ ዘዴ አለ። ልጁ ወደ ፈረንጁ ይጠጋና በጥሩ እንግሊዝኛ፣ «ተማሪ ነኝ፤ ገንዘብ አልፈልግም፤ መዝገበ ቃላት ብቻ ግዛልኝ» ይለዋል። ፈረንጁም ገንዘብ ያልጠየቀውን ልጅ አምኖ ሱቅ ድረስ ሄዶ ይከፍልለታል። እንግዳው ዞር ሲል መጽሐፉ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል፤ ገንዘቡንም ልጁና ባለሱቁ ይካፈላሉ።

በአርባ ምንጭም የዚህ ዘዴ ወንድም አለ። ራሱን የሾመ አስጎብኚ ወደ ዶርዜ የሸማኔዎች መንደር ወይም በጫሞ ሐይቅ ወዳለው የአዞ ገበያ ከሚሄድ እንግዳ ጋር ይለጠፋል። ዋጋ ሲጠየቅ፣ «ወንድማማች አይደለንም እንዴ? ደስ ያለህን ትሰጠኛለህ» ይላል። ማታ ላይ ወንድማማችነቱ ሒሳብ ሆኖ ይቀርባል።

የዚህ ሁሉ ጉልበቱ ይሉኝታ ነው። በፓሪስ ሞንማርትር ኮረብታ ላይ በመንገደኛው ጣት ክር አስረው ዋጋ የሚጠይቁትም በዚሁ ይሠራሉ። ከመካከላችን ለትምህርት ባሕር የሚሻገር ሁሉ ይህን ይወቅ፤ ያልጠየቀውን ስጦታ አይቀበል፤ ዋጋውንም አስቀድሞ ይጠይቅ።

«ፈረንጅ ሀብታም ነው፤ ጥቂት ብር ቢጎድልበት ምን ይሆናል?» የሚሉ አሉ። ለመሆኑ ነገ ከጨንቻ ደጋ የወረደ፣ መጽሐፍ የሌለው እውነተኛ ተማሪ እጁን ሲዘረጋ ማን ያምነዋል? የጋሞ አባቶች ጎሜ የሚሉት ነውር ጦሱ ከአጥፊው አልፎ ለቤተሰቡና ለአገሩ ይተርፋል ይባላል። የዚህም ጦስ ለድኻው ተማሪ ተርፏል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ከተማ በሆነችው አርባ ምንጭ፣ የተማሪ ስም የሁላችንም ስም ነው።

ስለዚህ መርዳት የሚሻ እንግዳ መጽሐፉን ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይስጥ። የሸጠውን መጽሐፍ መልሶ የሚወስድ ባለሱቅ ከልጁ ይልቅ ይወቀስ፤ እርሱ አዋቂ ነውና። የነጭ ሳር ፓርክ መግቢያ፣ የጀልባና የአስጎብኚ ዋጋ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ በመናኸሪያውና በየሆቴሉ ይለጠፍ። ጽሑፉን እኛ ተማሪዎች ልናዘጋጀው እንችላለን። የኅብረታችን መሪዎች ምን ይላሉ?