ሁለት ስደተኞች፣ ሁለት በር

በየመኝታ ቤቱ ክርክር «አርመን በተፈጥሮው ባለሙያ፣ ዐረብ በተፈጥሮው ባለሱቅ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እኛ ይህን አንቀበልም። የአዲስ አበባን ታሪክ ስናመዛዝን፣ ልዩነቱን ያመጣው ደም ሳይሆን የገቡበት በር ነው እንላለን።

በ1907 ዓ.ም. በጀመረው ዕልቂት ወላጆቻቸውን ያጡ 40 የአርመን ልጆችን አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም አግኝተው አስመጧቸው። ልጆቹ የቤተ መንግሥት የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ። ሌሎች አርመኖችም በወርቅ ሥራና በልብስ ስፌት መኳንንቱን ደንበኛ አደረጉ።

የየመኑን ሰው ግን ቤተ መንግሥት አልጠራውም። ባሕር ተሻግሮ መጣ፤ ስኳርና ላምባ በትንሽ በትንሹ እየቸረቸረ፣ ለድኻው በዱቤ እየሰጠ ኖረ። እዚሁ አግብቶ ቢወልድም «ዐረቡ» መባሉ አልቀረለትም።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ትርፍ ቤትና ድርጅት ሲወርስ ሁለቱንም አልማረም፤ ብዙዎቹ እንደ ገና ተሰደዱ።

በ2007 ዓ.ም. የየመን ጦርነት ሲፋፋም ሌሎች የመናውያን ተጠግተውናል። የ2011 ዓ.ም. የስደተኞች አዋጅ የመሥራትን መብት ያውቃል፤ ወረቀት ላይ እንዳይቀር መወትወት የኛ የተማሪዎችና የመምህራኖቻችን ድርሻ ነው። በር የተከፈተለት መዝሙር ሰጠን፤ ያልተከፈተለት እንኳ ዱቤ አልነፈገንም።