እሳቱ እግር ላይ፣ ጠብታው ምላስ ስር

ጠርሙሷ ከአውራ ጣት ብዙም አትበልጥም። ከአሜሪካ በሻንጣ፣ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልላ መጣች፤ ዐባይን ተሻግራ፣ ደጀንንና ቢቸናን አልፋ ደብረ ወርቅ ገባች። ላኪዋ የአክስቴ ልጅ ናት። ጉምሩክ እንዳያስቸግር ብላ የተለጠፈባትን ወረቀት በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋ ልጣዋለች። አክስቴ እጅ የደረሰው እንግዲህ ስም የሌለው፣ መጠኑ የማይታወቅ፣ መቼ እንደሚበላሽ የማይነገርለት ዘይት ነው። ትእዛዙ በስልክ ተከተለ፤ ጠዋት አምስት ጠብታ፣ ማታ አምስት ጠብታ፣ ምላስ ስር።

አክስቴ ስኳር ከያዛቸው አሥር ዓመት አልፏቸዋል። ቀን ደህና ይውላሉ። ሌሊት ግን እግራቸው ይነዳል፤ ነጠላው እንኳ ሲነካው ያማቸዋል። «ፍም ላይ የቆምሁ ይመስለኛል፤ ደግሞ እሾህ ቢወጋኝ አላውቀውም» ይላሉ። ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከብዙ ምርመራ ትበልጣለች። የሚነድ ግን የደነዘዘ እግር፣ የተጎዳ ነርቭ ነው። ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም፤ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ይበቃል።

በአክስቴ ልጅ አልፈርድም። እናቷ በስልክ ሲያቃስቱ እየሰማች እጇን አጣጥፋ ትቀመጥ አልልም። የምጣላው እሷን ካሳመናት ሐሳብ ጋር ነው። ሐሳቡን አዲስ አበባ ቡና ቤት ውስጥም፣ ውጭ አገር ባሉ ወገኖቻችን ጨዋታ ላይም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። እንዲህ ይላል፦ የነርቭ ሕመም መድኃኒቱ ተገኝቷል፤ ከካናቢስ ቅጠል የሚወጣው ሲቢዲ የተባለው ዘይት ነው፤ ፈረንጁ ሱሱንና መድኃኒቱን ለይቶ እየተፈወሰበት ነው፤ እኛ ግን ሕጋችንና ፍርሃታችን ይዞን እንሰቃያለን። ሲነገር ያምራል። ቁጭትም አለበት፣ ተስፋም አለበት፣ መንግሥትን ማማትም አለበት። የጎደለው እውነቱ ነው።

ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት መዛኝ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 በነርቭ ሕመምና በካናቢስ መድኃኒቶች ላይ የተሠሩ 16 ጥናቶችን ሰብስቦ መረመረ፤ የተሳተፉት ሰዎች 1,750 ነበሩ። ሕመሙ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የቀነሰላቸው ካናቢሱን ከወሰዱት ከመቶው 21፣ ምንም የሌለበትን ማስመሰያ ከወሰዱት ደግሞ ከመቶው 17 ናቸው። በተቋሙ ስሌት፣ አንድ ተጨማሪ ሰው እንዲህ እንዲሻለው 20 ሰው መውሰድ አለበት ማለት ነው። በጎንዮሽ ጉዳት አቋርጠው የወጡት ግን ካናቢስ ከወሰዱት ከመቶው 10፣ ከሌሎቹ 5 ነበሩ። ወረቀት ከተላጠባት ጠርሙስ ጋር የሚገናኘው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ከ16ቱ ጥናቶች ንጹሕ ሲቢዲን የሞከረ አንድም አልነበረም። የተሞከሩት አፍ ውስጥ የሚረጭ የቲኤችሲና የሲቢዲ ድብልቅ፣ የሚጨስ ቅጠልና ቲኤችሲን መስለው የተሠሩ እንክብሎች ናቸው። ቲኤችሲ ማለት የሚያሰክረው ነው። እንግዲህ ያቺ ትንሽ ጥቅም እንኳ የተገኘችው የአክስቴ ልጅ «የለበትም፣ አትፍሪ» ብላ ካረጋገጠችላቸው ንጥረ ነገር ጋር ነው። የአንዱን ዝና ለሌላው ሰጥተን ነው የምንሸጠው።

የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ከጥናት ውጭ ለሥር የሰደደ ሕመም ሲቢዲ እንዳይሰጥ መከረ። የዓለም የሕመም ጥናት ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2021 ካናቢስን ለሕመም በጥቅሉ እንደማይደግፍ አስታወቀ። እነዚህ ሲቢዲ በተከለከለበት አገር የተቀመጡ ፈሪዎች አይደሉም፤ ሲቢዲ በየሱቁ በሚሸጥበት አገር ሆነው ነው የተናገሩት።

ሲቢዲ ከነጭራሹ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሰኔ 2010 ዓ.ም. ኤፒዲዮሌክስ የተባለውን ንጹሕ ሲቢዲ ለሁለት ከባድ የሕፃናት የሚጥል በሽታዎች ፈቅዷል፤ በደንብ ተጠንቶ፣ መጠኑ ተለክቶ። መጠኑን ግን እንየው። ልጁ ሲለምደው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊግራም ይሰጠዋል። 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚያ ልክ ቢወስድ በቀን 500 ሚሊግራም ይፈልጋል። ጠርሙሷ 1,000 ሚሊግራም አለባት ብንል እንኳ በሁለት ቀን ታልቃለች። አክስቴ ያቺኑ ጠርሙስ ለሁለት ወር ቆጥበው ሊጠቀሙባት ነበር። ለዶሮ ወጥ የሚሆን በርበሬ ለሠርግ ድንኳን እንደማብቃቃት ነው።

እውነት 1,000 ሚሊግራም አለባት ወይ? እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ በኢንተርኔት የተገዙ 84 የሲቢዲ ምርቶች ተመርምረው፣ በላያቸው የተጻፈው ከውስጣቸው ጋር የተስማማው ከሦስት አንዱ እንኳ አልሞላም። በ18ቱ ውስጥ ቲኤችሲ ተገኝቷል። ወረቀቱ ሳይላጥ እንዲህ ከሆነ፣ ተልጦ ምን ሊሆን ነው?

ስሙም ራሱ ጣጣ አለበት። ካናቢስን በአማርኛ «ዕፀ ፋርስ» የሚሉ አሉ። ይህንኑ ስም ደግሞ ብዙ ሰው በየመንገዱ ዳርና በየቆሻሻው ላይ ለሚበቅለው ለአስተናግር ይሰጠዋል። አስተናግር ስሙ ይመሰክርበታል፤ የበላውን ያስለፈልፋል፣ ዓይኑን ያፈዝዛል፣ አፉን ያደርቃል፣ ሲብስ ይገድላል። «ዕፀ ፋርስ ለነርቭ ፍቱን ነው» የሚል ወሬ ከስልክ ወደ ገበያ ሲወርድ የትኛው ቅጠል ድስት ውስጥ እንደሚገባ ማን ያውቃል? ተፈጥሯዊ ነውና አይጎዳም የሚለው ብሂል አስተናግር አጠገብ ሲደርስ ዝም ቢል ይሻለዋል።

አንዳንዱ ደግሞ ታሪክ ይጠቅሳል። እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመ ጥናት፣ ቤጌምድር ውስጥ ላሊበላ ከሚባል ዋሻ (ውቅር ቤተ ክርስቲያኖቹ ያሉበት አይደለም) በተገኙ የሸክላ ጋያዎች ላይ የካናቢስ ቅሪት ተገኝቷል፤ ዕድሜያቸውም ወደ 14ኛው መቶ ዘመን ይጠጋል። «አባቶቻችን ያውቁት ነበር» ይባላል። ጋያ የሚመሰክረው ይጨስ እንደነበር ነው። እግሩ የነደደ ሰው እንደዳነበት ጋያው አልተናገረም።

ሕጉንም አንሸሽገው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ያለ ፈቃድ የሚያመርተውንና የሚያዘዋውረውን ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሻንጣ ፈታሹ ሲቢዲንና ቲኤችሲን በዓይኑ አይለይም። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 2020 በ27 ድምፅ ለ25 ካናቢስን ከ1961ዱ ስምምነት እጅግ ጥብቅ ከሆነው ሠንጠረዥ ሲያወጣው «መድኃኒት መሆኑን ዓለም አመነ» ተባለ። ከሠንጠረዥ አራት ወጣ እንጂ ሠንጠረዥ አንድ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ነርቭ ይፈውሳል ብሎ ድምፅ የሰጠም የለም። በሕጉ ላይ የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ፍርሃቱ ጠርሙሷን ከጉምሩክ ብቻ ሳይሆን ከሐኪሙም ያስደብቃታል። ሲቢዲ ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያስወግድበትን መንገድ ይዘጋል። በአገራችን በልብ ሕመም ምክንያት ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚውጡ ብዙ ናቸው፤ ጠብታዋ ዋርፋሪኑን አበርትታ ደም ልታፈስስ ትችላለች። ለሚጥል በሽታ ቫልፕሮኤት ከሚወስድ ሰው ጋርም ጉበት ላይ ትተባበራለች። ሐኪሙ አይጠይቅም፤ በሽተኛውም ፈርቶ አይናገርም።

ወደ ደብረ ወርቅ ልመለስ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። ዘይቷ ከመምጣቷ በፊት አክስቴ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ታክመዋል። የተሰጣቸው መርፌ ነው። አንዴ ዳይክሎፌናክ፣ አንዴ የቫይታሚን ቢ መርፌ፣ «ነርቭ ነው» ተብለው። ነርቭ ነው መባሉ ልክ ነበር፤ መርፌው ነው ልክ ያልነበረው። ዳይክሎፌናክ የተመታ ጉልበትና ያበጠ ጥርስ ያስታግሳል፤ የነደደ ነርቭ አይሰማውም። የስኳር በሽተኛ ኩላሊት ግን በደንብ ይሰማዋል። ቫይታሚን ቢ ቦታው አለ፤ የቲቢ መድኃኒት ለሚወስድ፣ አረቄ ለጎዳው፣ ሜትፎርሚን ለዓመታት ለዋጠ። እግሩን ባቃጠለው ሰው ሁሉ ዳሌ ላይ የሚወጋ ነገር ግን አይደለም። እሱም ቢሆን በቦታው ካልተወጋ ትልቁን የእግር ነርቭ ሊጎዳው ይችላል። ለነርቭ ተብሎ በተወጋ መርፌ ነርቭ ሲጎዳ እንዴት ያለ ፌዝ ነው!

ሕዝባችን መርፌ ይወዳል፤ ያልተወጋ አልታከመም። ሐኪሙም ይህን ያውቃል፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ማብራራት ጊዜ ይፈጃል፣ መርፌ አያከራክርም። ከባሕር ማዶ የመጣችው ጠርሙስ በዚህ ልማድ ላይ የተደረበች ሌላ መርፌ ናት። ሁለቱም አንድ ጥያቄ ያስዘልላሉ፦ «ሕመሙ ምን ዓይነት ነው? ያቃጥላል፣ ይወጋል፣ ይደነዝዛል፣ ከየት ጀመረ?» ቁርጥማት፣ ሪህ፣ ዲስክ መንሸራተት፣ ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ የሚቀር ቃጠሎ፣ የስጋ ደዌ የተወው የነርቭ ሕመም፣ ሁሉም «ነርቭ» በሚል አንድ ከረጢት ይገባና አንድ ነገር ይሰጠዋል። ነጻ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ከክኒኖቹ አንዱ የነበረው ስታቩዲን የብዙ ሰው ሕይወት አተረፈ፤ የብዙ ሰውም እግር አቃጠለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ይቅር ብሎ እስኪመክር ድረስ ስንቱ «በሽታው ነው» ተብሎ ተመልሷል።

አሚትሪፕቲሊን የሚባል ክኒን አለ። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ (በእኛ አቆጣጠር) በዓለም ያለ፣ ርካሽ፣ በኢትዮጵያ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሰፈረ። ለድብርት ከሚሰጠው ባነሰ መጠን ማታ ማታ ቢወሰድ የነርቭ ሕመምን ያበርዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 በላንሴት ኒውሮሎጂ የታተመው ትልቁ ግምገማ ለእሱና ለዘመዶቹ ያወጣው ስሌት ከአራት ሰው ወደ አንድ ይጠጋል፤ ካናቢስ ከ20 አንድ ነበር። ያ ግምገማ ካናቢስን ለነርቭ ሕመም እንዳይሰጥ ነው የመከረው፣ ምንም እንኳ በለዘብታ ቢሆን። አሚትሪፕቲሊንም ጻድቅ አይደለም፤ አፍ ያደርቃል፣ ያፈዝዛል፣ የልብ ሕመም ላለበትና ሽንት ለሚቸግረው ሽማግሌ ያሰጋል፤ የተሠሩለት ጥናቶችም ብዙዎቹ አሮጌና ትንንሽ ናቸው። ይሁን እንጂ መደርደሪያ ላይ ያለ፣ ወረቀቱ ያልተላጠ፣ ሐኪም የሚያውቀው ነገር ነው።

አክስቴ ይህ ክኒን አንድ ጊዜ ታዞላቸው ነበር። አልዋጡትም። መድኃኒት ያደለቻቸው ልጅ «የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው» አለቻቸው፤ እሳቸውም «አብጃለሁ እንዴ?» ብለው ከመሶቡ ስር ደበቁት። ሰው እንዳይሰማ። ከውቅያኖስ ማዶ የመጣ ሕገ ወጥ ዘይት ያላሳፈራቸው፣ ሕጋዊው ክኒን አሳፈራቸው። ማን ነው እንዲህ ያደረጋቸው? የአእምሮ ሕመምን ነውር ያደረግነው እኛው ነን፤ ክኒኑን ስናድል አንድ ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ መጨመር የተሳነንም እኛው።

ጠበሉን አልነካም። የደብረ ወርቅ ማርያምን ሥዕል የሣላት ቅዱስ ሉቃስ ነው ይላል የአገሩ ትውፊት፤ ሉቃስ ደግሞ ሐኪም ነበር። አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ ተናግረዋል። አክስቴ ጠበላቸውን ጠጥተው ክኒናቸውን ቢውጡ የሚከለክላቸው ካህን አላየሁም። የከለከላቸው ሐሜት ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት አማራ ክልል ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ክኒኑም የስኳር መድኃኒቱም ይቆያል። በዚህ ጊዜ ገንዘብ ያለው ዘመድ ከውጭ ምን ልላክ ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። መልሱ ዘይት መሆኑ ነው የሚያናድደኝ።

ጠብታዋን ሦስት ሳምንት ወሰዷት። ሆዳቸውን አለሰለሰችው፤ ሌላ ያዩት ነገር የለም። በኋላ ስለ ክኒኑ ቁጭ ብለን ተነጋገርን፤ ሐኪሙ ዘንድም አብረን ሄድን፤ ልባቸውን አዳመጠ፣ በትንሹ ጀመረላቸው። አሁን አፌ ደረቀ እያሉ ያማርራሉ፤ እሳቱ አልጠፋም፤ «ፍሙ አመድ ለብሷል» ይላሉ፤ ሌሊት ግን ይተኛሉ። ባለፈው ልጃቸው ደውላ ሁለተኛዋን ጠርሙስ በሰው ልልክ ነው ስትላቸው አጠገባቸው ነበርኩ። «ተይው ልጄ፤ የስኳር መለኪያዋ ወረቀት አልቃብኛለች፣ እሷን ላኪልኝ» አሏት። ልጅቷ ትንሽ ዝም አለች። ቅር ያላት መሰለኝ።