ስለ አሮጌ አውቶሞቢል መለዋወጫ

አባታችን የተዉልንን ቮልስዋገን በላምበረት ስናሳድስ፥ «ልኩ ይኸው ነው» ተብሎ የተሸጠልን ቸርኬ ባለ አራት ብሎን ሆኖ ተገኘ፤ የመኪናው ታምቡር ግን ባለ አምስት ነው። ሠራተኛው አዲስ ቀዳዳ በስቶ ሊያጋጥመው ቢያስብም፥ ልጆች የሚጫኑበት ነውና እንቢ አልን።

ስለዚህ አንባቢዎቻችን ወደ ሶማሌ ተራ ከመሄዳቸው አስቀድሞ የኋላውን መቀመጫ አንሥተው፥ ከሥሩ በመካከለኛው ብረት ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ይጻፉ። እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1969 ሞዴል በሆኑት ሦስተኛው አኃዝ ዓመቱን ይገልጻል፤ የእኛው 116 ብሎ ስለሚጀምር የ1966 ነው። ባለ አራት ብሎኑ በብዛት የመጣው ከ1968 ሞዴል ወዲህ ነው። የሞተሩን ቁጥር ብቻ ማመን አይገባም፤ ሞተር በየጊዜው ይለወጣልና።

ባለ አምስቱን ቸርኬ ከአንድ የወደቀ ቮልስ ላይ አገኘነው፤ ዝገቱን ማስለቀቅ ብቻ ቀርቶናል።