የኅዳር ክኒንና የዓመቱ ልማድ፦ የትምህርት ቤት ጤና በሸኮ የቡና አገር

በሸኮ፣ በሚዛን አማንና በቴፒ ዙሪያ ኅዳር የቡና ለቀማ ወር ነው። ታዳጊዎች ከቤተሰቦቻቸው ጋር ማለዳ ወደ ማሳ ይወርዳሉ፤ ከትምህርት ገበታ የሚቀሩም አሉ። ትልልቆቹ የትምህርት ቤት ጤና ዘመቻዎችም የተገጣጠሙት ከዚሁ ወር ጋር ነው። አገር አቀፉ የሆድ ትላትል መከላከያ መርሐ ግብር በይፋ የተጀመረው በኅዳር 2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በዘመቻ የተሰጠውም በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነበር።

ክትባቱ አንድ ጊዜ ከተወሰደ ለዓመታት ይከላከላል። ክኒኑ ግን በአንጀት ያለውን ትል ያስወግዳል እንጂ ዳግም መያዝን አያግድም። የመንጠቆ ትል እጭ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ የወስፋት እንቁላልም በእርጥብ አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይሞት ይቆያል። ዝናብና ጥላ የማይለየው የቡና መሬት ለሁለቱም የተመቸ ነው። በዚህ አካባቢ የክኒኑን ውጤት የሚያጸናው፣ ታዳጊው በቀሪዎቹ ወራት ለራሱ የሚያደርገው ጥንቃቄ ነው፦ ጫማ ማድረግ፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ በመጸዳጃ ቤት መጠቀም።

የጤና ክበባትና የሚኒ ሚዲያ መልእክቶች ዕውቀቱን ያደርሳሉ። ዕውቀት ልማድ የሚሆነው ግን በየዕለቱ ሲደገም ነው። ስለ እጅ መታጠብ ተምሮ ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ ውሃ ያጣ ተማሪ፣ ትምህርቱ ለፈተና ብቻ እንደሆነ ቢቆጥር አይፈረድበትም። ዝናብ በበዛበት በዚህ አገር ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ውሃ በበርሜል ማጠራቀም ደግሞ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም።

ለልጃገረዶች ጉዳዩ ይከብዳል። የወር አበባን ንጽህና መጠበቅ ከትምህርቱ በተጨማሪ የሚቆለፍ በር፣ ውሃና የንጽህና መጠበቂያ ይሻል። እነዚህ ካልተሟሉ በየወሩ ጥቂት ቀናት ከቤት መዋልን ትለምዳለች። ወንዶች ተማሪዎችም ትምህርቱን አብረው ካልተማሩ የሚያሸማቅቃት ሳቅ አይቆምም።

የቀሩት ጉዳይ ግን የአሠራር ነው። በዘመቻው ዕለት ለለቀማ የወጣች ልጅ ስሟ በክፍሉ መዝገብ ላይ አለ። መምህራን የቀሩትን ለይተው ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቢያሳውቁ፣ ለቀማው ሲያበቃ በጥር አገልግሎቱን በጤና ኬላ ወይም በዚያው በትምህርት ቤቱ ማግኘት ትችላለች።