መንፈስ ያለበትን ቤት ለምን ትዘጉብናላችሁ?

«ለኅብረተሰቡ ምን ይጠቅማል?» ይሉናል። በክበባችን ውስጥ አንድ የፍቅር ልብ ወለድ በሴት ልጅ እጅ በታየ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ ይኸው ነው። የፍቅሩ ታሪክ መንፈስ በሰፈረበት ቤት ውስጥ የሚካሄድ ከሆነማ ጥያቄው ቀርቶ ፍርድ ይሆናል። አንዱ «ተራ ነገር ነው» ይላል። ሌላው «ባዕድ ነው፣ ከእኛ ሕይወት ጋር ምን አገናኘው?» ይላል። ሌላው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዲህ ያለ መጽሐፍ በር ይከፍታል» ብሎ ያማትባል። እስካሁን ግን «አንብቤው ሰለቸኝ» ያለ አንድም አልሰማሁም። ሰልችቶት ቢሆን ክርክር የለንም፤ የሰለቸው ሰው ይተወው፣ መብቱ ነው። ያላነበበው ነው ያስቸገረን።

እኔ አንብቤዋለሁ፤ ደስም ብሎኛል። ደስ ያለኝ ከበስተጀርባው ጥልቅ ማኅበራዊ መልእክት ስላገኘሁበት አይደለም (መልእክቱን ኋላ እመጣበታለሁ)። መብራት ጠፍቶ፣ የዳሪሙ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ የስልኬ ባትሪ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው «አንዲት ምዕራፍ ብቻ» ስላስባለኝ ነው። ይህን ለመናገር ማን ፊት ነው የምቀርበው? አርሴናል በተሸነፈ ማታ እራቱን ትቶ የሚቆዝመውን ወንድማችንን «ቁዘማህ ለኅብረተሰቡ ምን ይጠቅማል?» ብሎ የጠየቀው አለ? የለም። የእሱ ደስታ ደስታ ነው፤ የእኛ ደስታ ግን የንቃት ጉድለት ነው። ሴቶቹ ልጆች መጽሐፉን በሌክቸር ደብተር ልባስ ሸፍነው የሚያነቡት እኮ ከመንፈሱ ፈርተው አይደለም።

መጽሐፉ የአሜሪካዊቷ የኖራ ሮበርትስ «ኢንሄሪታንስ» ነው፤ በእኛው «ውርስ» ማለት ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ሁለት ተከታዮች አሉት፣ የመጨረሻው በ2025 ወጣ። ሶንያ የምትባል የቦስተን ወጣት ሠርጓ ሲቃረብ እጮኛዋን ከገዛ ዘመዷ ጋር ታገኘዋለች፤ ታባርረዋለች። ቆይቶ አንድ ጠበቃ በሯን አንኳኩቶ በማደጎ ያደገው ሟች አባቷ መንትያ ወንድም እንደነበረውና ያ የማታውቀው አጎቷ በሜይን ባሕር ዳርቻ ትልቅ ቤት እንዳወረሳት ይነግራታል። ግን ሦስት ዓመት ልትኖርበት ይገባታል። ትሄዳለች። ቤቱ ውስጥ በሁለት መቶ ዓመት ገደማ ጊዜ ሰባት ሙሽሮች ሞተዋል፤ የሰባቱም የጋብቻ ቀለበት ከጣታቸው ተወስዷል። ይህ ሁሉ እየሆነ የጠበቃው ልጅ ይመጣል፤ ፍቅሩም ቀስ እያለ ይመጣል። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ታሪክ አጥፍታብን ሄደች እንዳልባል።

በጣም የወደድሁትን ግን ልጥቀስ። ልጆቿን ስትወልድ በወጣትነቷ የሞተችው አያቷ በቤቱ ውስጥ አለች። አትታይም፣ አትናገርም። የልጅቷን ስልክ በራሱ ታስከፍትና ዘፈን ታሰማለች፤ የምትለውን የሚለው ዘፈኑ ነው። ይህን «ባዕድ» ያለው ሰው እናቱ ወፍጮ ላይ ተቀምጣ ስታንጎራጉር አልሰማም ማለት ነው። ፊት ለፊት የማይባለውን በዜማ አስታከው የሚናገሩ ሴቶች በኢሉባቦርም በጎጃምም ሞልተዋል። ፈረንጂቱ በስልክ አደረገችው እንጂ ነገሩን ከእነሱ የተበደረች ነው የሚመስለው።

አሁን ወደ «በር ይከፍታል» ባዩ ልምጣ። ተንቀሳቃሽ ሥዕል አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ስሙ ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላ ሲነገር ቆየ፤ ሰዎቹም ሲኒማቸውን ማየት አልተውም። ደግሞ ይኸው ተቺ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመውን «ሐምሌት» በክፍል ውስጥ ሲያነብ አላማተበም። እዚያ የሞተው ንጉሥ በሌሊት የጦር ልብሱን ለብሶ ይመጣል፣ «ተበቀልልኝ» ይላል፣ ቴአትሩ በሙሉ በዚያ መንፈስ ቃል ይንቀሳቀሳል። በ«ማክቤዝ»ም ጠንቋዮቹ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ አሉ። ታዲያ የንጉሥ መንፈስ ሥነ ጽሑፍ ሲሆን፣ በወሊድ የሞተች የአንዲት ልጅ መንፈስ ምን ስለሆነ ነው ተራ ወሬ የሚሆነው? ወንድሞቼ፣ መንፈስም በእናንተ ዘንድ ማዕረግ አለው ማለት ነው!

ከእኛው መጻሕፍት ዋናውን ላንሣ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ወጣ። ሰብለ ወንጌልን ያለ ባል ያስቀራት ምንድን ነው? የአጥንት ቆጠራ ነው። የመጣው ሁሉ ከፊታውራሪ መሸሻ ዘር ጋር አይመዘንም እየተባለ ይመለሳል። እስቲ ይህን በሌላ ዓይን እንየው፤ ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸው ሰዎች በአንድ ቤት ተቀምጠው በሕይወት ያለችው ልጅ ማንን እንድታገባ፣ ማንን እንዳታገባ ይወስናሉ። ሰንሰለት የሚጎትት የለም፣ በር አይንቋቋም። ግን ያ ቤት መንፈስ ያልሰፈረበት ነው የሚለኝ ማነው? ሀዲስ ዓለማየሁን ስናነብ «አቤት ጥልቀት!» እንላለን፣ እውነትም ነው። ያው ነገር ቀለል ባለ ቋንቋ፣ በሚያስቅና በሚያስፈራ መንገድ፣ ሥራ ውሎ ለደከመው አንባቢ ሲቀርብ ግን ንቀት ይጀመራል።

«ባዕድ ነው» ላለው መልስ የሚሰጠው ቃሉ ራሱ ነው። በአማርኛችን «ወረሰ» ሁለት ነገር ነው። ልጅ የአባቱን ቤት ይወርሳል፤ መንግሥትም የሰው ቤት ይወርሳል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ሲወረሱ ከአዲስ አበባ እስከ መቱ በየከተማው ባለቤቱ የተለወጠ ቤት ተገኘ። አዋጁ ስንቱን ጭሰኛና ተከራይ ከባለጸጋ ጫና እንዳወጣ አልክድም፤ ክርክሬ እሱ አይደለም። የምለው ግን፣ የቀድሞው ሰውዬ ስም በሰፈሩ አፍ አልጠፋም፤ «የእገሌ ቤት» እየተባለ የሚኖርበት ሌላ ነው። የሶንያ ጥያቄም ይኸው ነው፦ ከእኔ በፊት እዚህ ማን ኖረ? እንዴት ወጣ? ዕዳው ለማን ተረፈ?

ጎሬን ያየ ሰው ይመስክር። ቡናው በጋምቤላ በኩል በባሮ ጀልባ ወደ ሱዳን በሚወርድበት ዘመን የንግድ ከተማ ነበረች፤ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ ነበረች፤ ከማይጨው በኋላ በ1928 ዓ.ም. በራስ እምሩ እንደራሴነት የተቀረው መንግሥት የተሰበሰበው እዚያ ነው። ከዚያ ንግዱ ሄደ፣ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማነትም ወደ መቱ ዞረ። ጭጋጉ በየማለዳው ይወርዳል፣ አሮጌው ሰገነት ይቆማል። ከዚህ የተሻለ የመንፈስ ቤት የት ይገኛል? አንዲት ልጅ ከአዲስ አበባ ተነሥታ ጎሬ ላይ የማታውቀው አጎቷ ያወረሳትን ቤት ልትከፍት ብትመጣ፣ ቁልፉን የያዘው ወጣት አብሯት ደረጃውን ቢወጣ፣ ልብ ወለዱ ተጀመረ ማለት ነው። ያልጻፍነው ቁሳቁስ ጠፍቶ አይደለም። ገና ሳንጽፈው «ተራ» ተብሎ ተፈርዶበት ነው።

ምሳሌ የሚሆነን ሰውማ ከሱጴ፣ ከጎረቤታችን፣ ወጥቷል። በዓሉ ግርማ «ሐዲስ»ን ሲጽፍ ኢሉባቦርን ነው ያስነበበን። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ሲወጣ ደግሞ ባለሥልጣኑ ፖለቲካውን አየበት፤ አንባቢው ግን የፊያሜታንና የጸጋዬን ፍቅርም ጭምር እየተሻማ ነው ያነበበው። መጽሐፉ ተሰበሰበ። ደራሲው የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፤ መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም። በዚያ ዘመን ለቅሶ ሳይቀመጥላቸው፣ ተዝካር ሳይወጣላቸው የቀሩ ስንት ናቸው? ሞቶ ያልተቀበረ ሰው ወደ ቤት ሲመላለስ የሚያሳይ ታሪክ «ለእኛ ምን አገባን» የሚባለው በየትኛው አገር ላይ ተቀምጠን ነው?

ደግሞ ነቢይ መኮንንን አስታውሱ። በደርግ እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚቸልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ተረጎመ፤ እስረኞቹም እየተቀባበሉ ተከታተሉት፤ ኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። የፍቅር ታሪክ ነው እኮ! በሩ ሲንኳኳ ማን እንደሚጠራ የማያውቅ ሰው፣ የስካርሌትና የቤቷ ነገር የት ደረሰ ብሎ የነገውን ምዕራፍ ጠበቀ። እዚያ ክፍል ውስጥ ቆሞ «ይህ ለኅብረተሰቡ ምን ይጠቅማል?» ለማለት የሚደፍር ይምጣ።

መጽሐፉ እንከን የለውም አላልሁም። ጀግናዋ ገንዘብ አያስቸግራትም፤ ውርሱ ከቤቱ ጋር የሚበቃ ጥሪት አለው፣ እንዲህ ከሆነማ ከመንፈስ ጋር መኖር ማንም ይችላል። የበለጠ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። በቤቱ ውስጥ አንዲት የድሮ የቤት ሠራተኛ መንፈስ አለች፤ እሷ ምን ትሠራለች መሰላችሁ? አልጋ ታነጥፋለች! ሶንያ ቁርስ በልታ ስትመለስ አልጋው ተነጥፏል፣ ልብሱ ተሰቅሏል። ሶንያም ታመሰግናታለች፣ ደራሲዋም ደስ የሚል ነገር አድርጋ ታልፈዋለች። ከሞተች በኋላም ያላረፈች፣ ደመወዝ የማትጠይቅ ሠራተኛ! ሙሽሮቹ ቀለበታቸው እንዲመለስላቸው ሦስት መጽሐፍ ሲጻፍላቸው፣ የእሷን ዕረፍት የጠየቀላት የለም። ተቺዎቻችን መጽሐፉን ቢያነቡት ኖሮ የሚነክሱት ቦታ ይህ ነበር፤ ጥሩ ጽሑፍም ይወጣቸው ነበር። ሳያነቡ ሲተቹ ይህ አመለጣቸው፤ እኔ ወዳጁ ላጋልጠው ግድ ሆነ።

መልስ የሚጽፍ ካለ የሚቀጥለው እትም ክፍት ነው፤ ስቴንስሉን የምትመታው ልጅ እስከ ወሩ መጨረሻ ጽሑፍ እንደምትቀበል ነግራኛለች። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ከመጻፋችሁ በፊት የመጀመሪያውን መጽሐፍ ጨርሱ። ሁለተኛው እኔ ዘንድ ነው፤ ከእኔ ቀጥሎ አራት ሴቶችና አንድ ወንድ ተራ ይዘዋል፣ ወንዱ ስሙ እንዳይጠራ ለምኖኛል።