የሚረሳ ሁሉ ንቆ አይደለም



በየወሩ መዋጮ ሲሰበሰብ ቅጣት የሚጻፍባቸው ስሞች አብዛኛውን ጊዜ ያው የታወቁት ናቸው። ሰው ከቀብር ሲመለስ የሚደርሱ አሉ። የድንኳን ተራቸው ሲደርስ የመጋዘኑ ቁልፍ የሚጠፋባቸው አሉ። ገንዘቡን በኪሳቸው ይዘው ወጥተው ሳይከፍሉ የሚገቡም አሉ። በዚህ የተነሣ «እከሌ እድሩን ንቆታል፣ ከደብተር ይሰረዝ» የሚል ቃል በስብሰባ ላይ ይሰማል። እኛ ግን ነገሩ ተቸኩሎ የሚወሰን አይደለም እንላለን።

በእርግጥ ግድ የለሽ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ሐኪሞች ኤዲኤችዲ የሚሉት ችግር ያለበትም ሰው አለ። ይኸውም ሐሳብን አንድ ቦታ መሰብሰብና ራስን መግታት የሚያስቸግር ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ጆርጅ ስቲል የተባለ ሐኪም ለንደን ላይ እንዲህ ስላሉ ልጆች ተናግሯል። ብዙ ዘመን የልጆች ብቻ ነው፣ ሲያድጉ ይተዋቸዋል ሲባል ቆየ። ዛሬ ግን በብዙዎች ላይ እስከ ጉልምስና እንደሚዘልቅ ታውቋል። ከወላጅ ወደ ልጅም ይወርዳል።

ልጅ ሲሆን ይሯሯጣል፣ ወንበር አይበቃውም። ሲያድግ ሩጫው ወደ ውስጥ ይገባና ሐሳቡ ዕረፍት ያጣል። የጀመረውን ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል፤ «አሁን ደረስኩ» ብሎ አንድ ሰዓት ይቆያል፤ ሰው ሳይጨርስ ቃሉን ይነጥቃል። የሚወደውን ሥራ ከያዘ ግን ምሳውን ረስቶ ይውላል። ታዲያ ይህን ያየ ሰው «ሲፈልግ ይችላል እኮ» ይላል። ስንፍናም፣ የአእምሮ ማነስም አይደለም። ሴቶች ላይ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ግርግር ስለሌለው «ዝንጉ ናት» ተብሎ ይታለፋል።

የረሳ ሁሉ ግን ይህ ሕመም አለበት ማለት አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብና ትካዜ፣ የእንቅርት ሕመምም ሰውን ያዘናጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ምልክቱ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመረ፣ በአንድ ቦታ ብቻም ሳይሆን ለምሳሌ በቤትም በሥራም የሚታይ መሆን አለበት ይላል። ይህን የሚለየው ሐኪም ነው። አዲስ አበባ ላይ የአማኑኤል ሆስፒታል አለ። መድኃኒትም አለው፤ ሐኪም ሳያዝ ግን አይነካም። ጫት ሐሳብ ይሰበስብልኛል የሚል ይኖራል። ጫት እንቅልፍ ይነሣል፣ መጠኑም አይታወቅም፤ መድኃኒት ነው ብለን አንቀበልም።

ችግሩ ያለበት ሰውም የራሱ ድርሻ አለበት። ቁልፉን ሁልጊዜ አንድ ምስማር ላይ ይስቀል። ቀጠሮውን በቃል አይያዝ፣ ይጻፈው፤ ስልኩንም አስቀድሞ እንዲጮህ ይሙላው። ትልቁን ሥራ ከፋፍሎ አንድ በአንድ ይጨርስ። ባለቤቱ ወይም ጎረቤቱ እንዲያስታውሱት ይጠይቅ፤ ይህ ነውር የለበትም።

እድሩስ ምን ያድርግ? እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ መዋጮውን የ6 ወር ወይም የዓመት አንድ ጊዜ መክፈል የፈለገ ይፈቀድለት። ሁለተኛ፣ ተረኛ የሆነ ሰው ከጥሩምባው ሌላ በዋዜማው ስልክ ይደወልለት። ሦስተኛ፣ ቁልፍና ገንዘብ ከመያዝ ይልቅ ድንኳን መትከል፣ ወንበር ማመላለስ ለሚቀናው ያው ይሰጠው። አራተኛ፣ ማንም ሰው ከመሰረዙ በፊት ዳኛውና ሁለት ሽማግሌዎች ቤቱ ሄደው ያነጋግሩት።

«ታዲያ ለአንዱ ሲሆን ደንብ ይላላል ወይ?» የሚል አይጠፋም። ደንቡ አይላላም፣ ቅጣቱም አይነሣም። ሆኖም ቅጣት ቢደጋገምበት የሚረሳ ሰው ማስታወስ አይጀምርም፤ ዕዳው ብቻ ይከመርበታል። በመጨረሻም ይሰረዛል። ከእድር የተሰረዘ ሰው ደግሞ እናቱ ስትሞት ድንኳን የሚተክልለት፣ ሬሳ የሚያነሣለት የለውም። በመርሳት ይህን ያህል መቀጣት ይገባዋል ወይ?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሐሳቡ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል፤ አባላት ተወያይታችሁበት እንድትመጡ በአክብሮት እናሳስባለን።

የእድሩ ጽሕፈት ቤት