የይለፍ ቃል እንደ እህል አይሰጣም

በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሳው የፈለግኩት ጉዳይ በመመረቂያ ፕሮጀክት ሰዓት ብዙዎቻችን "በኋላ እናስተካክለዋለን" እያልን የምናልፈውን የፓስወርድ አቀማመጥ ነው።

ሎጊን ስንሰራ አንድ ቴብል እንፈጥርና ፓስወርዱን ሰውዬው እንደጻፈው ቁጭ እናደርገዋለን። ዳታቤዙን የከፈተ ሁሉ ያነበዋል ማለት ነው። ለምን ሲባል "ፕሮጀክት እኮ ነው፣ ማን ይሰብረዋል?" የሚል መልስ ይሰጣል። እኔ በዚህ አልስማማም። ብዙ ሰው አንዱኑ ፓስወርድ ለኢሜይሉም ለሌላውም ይጠቀምበታል። የእኛ ትንሽ ሲስተም ስትሰበር የሰውዬው ኢሜይል አብሮ ይከፈታል።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ ከተባለው ድርጅት ወደ 32 ሚሊዮን ፓስወርዶች ሲሰረቁ እንዳሉ የሚነበቡ ነበሩ። ሊንክድኢን በበኩሉ ሃሽ አድርጎ ነበር፤ ነገር ግን ሻ-1 የተባለውን ፈጣን ስልት ያለ ጨው በመጠቀሙ፣ በ2012 ይፋ ከወጡት 6.5 ሚሊዮን ያህል ሃሾች አብዛኞቹ ብዙም ሳይቆዩ ተፈቱ።

"ጨው ደግሞ ምንድነው?" ለሚሉ ታናናሾቻችን ላስረዳ። ጤፍ ከተፈጨ በኋላ ዱቄቱ ተመልሶ ጤፍ አይሆንም። ሃሽም እንደዚሁ ነው። ተጠቃሚው ሲገባ ያስገባውን ፓስወርድ ድጋሚ እንፈጭና ዱቄቱን ከዱቄቱ እናስተያያለን። ችግሩ ሌባውም የተለመዱ ፓስወርዶችን አስቀድሞ ፈጭቶ ማስተያየት መቻሉ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ፣ በዘፈቀደ የተመረጠ ጨው ይጨመራል፤ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ፓስወርድ ቢመርጡ እንኳ ሃሻቸው ይለያያል። ይህን ሞሪስና ቶምሰን ስለ ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1979 ጽፈውታል። አዲስ ነገር አይደለም!

ጨው ብቻውን ግን አይበቃም። ኤምዲ5ና ሻ-1 ለፍጥነት የተሰሩ ስለሆኑ አንድ የግራፊክስ ካርድ በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ግምት ይሞክርባቸዋል። በ1999 የቀረበው ቢክሪፕት ሆን ተብሎ እንዲዘገይ የተሰራ ነው፤ የልፋት ቁጥሩ በ1 ሲጨምር ስራው እጥፍ ይሆናል። በ2015 የፓስወርድ ሃሽ ውድድርን ያሸነፈው አርጎን2 ደግሞ ብዙ ሜሞሪ ስለሚፈልግ ለሌባው ወጪ ያበዛበታል።

"ጊዜ የለንም" የሚለውም አያስኬድም። ፒኤችፒ ከ2013 ወዲህ፣ ማለትም ከ5.5 ጀምሮ፣ ጨውንም ራሱ የሚጨምር ዝግጁ ፈንክሽን አለው። አንድ መስመር ሲመዘገብ፣ አንድ መስመር ሲገባ፤ በቃ! በዚያ ላይ የተሳሳተ ሙከራን መገደብና ሰው ሲገባ የሴሽን መለያውን መቀየር ይጨመርበት።

ስለዚህ ዲፓርትመንቱ ፓስወርድን በግልጽ ወይም በኤምዲ5 የሚያስቀምጥ ፕሮጀክት ለዲፌንስ እንዳይቀርብ ቢወስን እላለሁ። አማካሪዎቻችንም ዲሞውን ከማየታቸው በፊት የተጠቃሚዎችን ቴብል ያስከፍቱን። "ፓስወርድ ረሳሁ" ሲባል የድሮውን ፓስወርድ መልሶ የሚልክ ሲስተም ካለ ያለ ሌላ ምርመራ ይመለስ፤ መላክ ከቻለ ማንበብ ይችላል ማለት ነውና።

መመሪያው ሲስተሙ ከተሰበረ በኋላ ቢወጣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። የእናንተንስ ሃሳብ ብንሰማ? ቸር ይግጠመን።